ብስክሌት የሞላባት ሐዋሳ ተወዳዳሪ ለምን አላወጣችም?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሄደ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኤርትራዊው ብንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ እንደለበሰ ጨርሷል። ሁለቱም ዜናዎች ሐዋሳ ሲደርሱ ያስነሱት ጥያቄ አንድ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ አየሯ ምቹ ነው፣ ብስክሌት ከልጅነት ጀምሮ የሚነዳባት ቦታ ናት፤ ታዲያ ከዚህች ከተማ አውሮፓ ደርሶ የሚጋልብ ሰው ለምን አልወጣም?

የተለመደው መልስ «መንግሥት ትኩረት ስላልሰጠ ነው» የሚለው ነው። ሐሰት ባይሆንም ምንም አያብራራም። የተሻለው መንገድ እዚያ የደረሰውን ኢትዮጵያዊ ሕይወት ወስዶ እያንዳንዱን እርምጃ ማን እንደከፈለለትና ማን በር እንደከፈተለት መመርመር ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጽጋቡ መንገድ

ጽጋቡ ግርማይ በ1991 መቀሌ ተወለደ። አባቱም ወንድሙም ብስክሌተኞች ነበሩ። በከተማው የብስክሌት ዓለም አድጎ በደቡብ አፍሪካ ፖቼፍስትሩም ወደሚገኘው የዓለም ብስክሌት ኅብረት የአፍሪካ ማሠልጠኛ ማዕከል አቀና። በ2012 በዳግላስ ራይደር የሚመራው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ወሰደው። በ2015 ላምፕሬ ሜሪዳ የተባለው የጣሊያን ቡድን አስፈረመው፤ ይህ ቡድን የ1982ቱ የዓለም ሻምፒዮንና የሁለት ጊዜ የጂሮ ዲ ኢታሊያ አሸናፊ ጁሴፔ ሳሮኒ ለብዙ ዓመታት የመራው ነበር። በ2016 ጽጋቡ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሪዮ ኦሊምፒክም አገሩን ወከለ። ከዚያ በባህሬን ሜሪዳ፣ በትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ በመጨረሻም ከ2019 እስከ 2022 በአውስትራሊያው ሚቸልተን ስኮት (በኋላ ስሙን በተደጋጋሚ በቀየረው ቡድን) ጋለበ።

ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው የአንድ ጎበዝ ልጅ ታሪክ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ጉብዝናው አያከራክርም። ግን ቀረብ ብሎ ላየው ሌላ ነገርም አለ። በላምፕሬ ሜሪዳ ሥራ አስኪያጁ ብሬንት ኮፕላንድ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነበር። በ2016ቱ ቱር ጽጋቡ ሲረዳው የነበረው የቡድኑ መሪ ጋላቢ፣ በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ የወጣው ሉዊ ሜንትየስ፣ እሱም ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ከጽጋቡ ጋር በኤምቲኤን ኩቤካ አብረው ጋልበዋል። ኮፕላንድ በ2017 ወደ ባህሬን ሜሪዳ ሲሻገር ጽጋቡም እዚያው ተገኘ። ቆይቶም ኮፕላንድ የአውስትራሊያውን ቡድን ሲረከብ ጽጋቡ ቀድሞ እዚያ ነበር። ከጽጋቡ ቀጥሎ የዓለም ቱር በሚባለው የላይኛው እርከን የቡድን ማሊያ የለበሰው ኢትዮጵያዊ ወላይ ሐጎስ በርሄም የገባው በዚያው በአውስትራሊያው ቡድን፣ አሁን ጄይኮ አልኡላ በሚባለው ነው።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። መቀሌ ልጁን አበቃች፣ ፖቼፍስትሩም ፈተነው፣ የአፍሪካ ቡድን ውድድር ሰጠው፣ አፍሪካን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ተቀበለው። ከእነዚህ አራት ደጃፎች አንዱ ቢዘጋ ኖሮ ጽጋቡ የአገር ሻምፒዮን ሆኖ እዚያው በቀረ ነበር።

ሩጫ ያልሆነ ስፖርት

ብዙ ሰው የብስክሌትን ችግር በሩጫ ሚዛን ይመዝነዋል። ከፍታ አለን፣ ሳንባ አለን፣ ስለዚህ ጫማውን በብስክሌት ብንተካው ውጤት ይመጣል የሚል ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የሚሳሳተው።

ሯጭ ብቻውን ሠልጥኖ በአንድ ጥሩ ሰዓት ዓለምን ሊያስደንቅ ይችላል። ሰዓቱ ራሱ የሥራ ማመልከቻው ነው። የጎዳና ብስክሌት ግን ከነፋስ ጋር የሚደረግ ስፖርት ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው የተጠጋው ጉልበቱን በሲሶ ያህል ይቆጥባል። ስለዚህ 150 ሰው በአንድ መንገድ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ከፊቱ ባለው ጎማና በራሱ ጎማ መካከል ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ትቶ፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ይሄዳል። ኩርባ ሲመጣ የት መቆም እንዳለበት፣ ነፋሱ ከጎን ሲነፍስ ከማን ኋላ መደበቅ እንዳለበት፣ ፍሬን መቼ መንካት እንደሌለበት የሚያውቅ ያልፋል፤ የማያውቅ ይወድቃል፣ ሌሎችንም ይዞ ይወድቃል። ይህን ጥበብ በላቦራቶሪ መፈተን አይቻልም፤ ኮረብታ ላይ ብቻውን የወጣ ልጅም አይማረውም። የሚማረው በብዛት በተሰለፈ ውድድር ውስጥ፣ በተለይ ከ14 እስከ 18 ባለው ዕድሜ ነው።

የጽጋቡ ሥራ ምን እንደነበርም ማየት ያስፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ አያሳየውምና። በ2016 አንድ ቡድን ወደ ቱር የሚያሰልፈው ዘጠኝ ጋላቢ ነበር፤ ከዘጠኙ ለማሸነፍ የሚጋልበው አንድ ወይም ሁለት ነው። የቀሩት ረዳቶች ናቸው። ረዳቱ ወደ ኋላ ቀርቶ የቡድኑ መኪና ዘንድ ይደርሳል፤ ሰባት ስምንት የውኃ ጠርሙስ ማሊያው ውስጥ፣ ጀርባውና ደረቱ ላይ ይጠቀጥቃል፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ በመኪኖቹ መካከል ሾልኮ እንደገና ከፊት ይደርሳል፣ ያድላል። ከዚያ ዳገቱ ሲጀምር ለመሪው ነፋስ ይሰብራል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ይቀራል። በውጤት ዝርዝሩ ላይ ከመሪው አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ስሙ ይነበባል። አገር ቤት «ምን አመጣ?» ይባላል። ያመጣው የሌላው 8ኛነት ውስጥ አለ።

ይህ የሥራ ዓይነት ደግሞ አሁን እየጠበበ ነው። የዓለም ብስክሌት ኅብረት የቡድኖችን ደረጃ በሦስት ዓመት ነጥብ መወሰን ከጀመረ ወዲህ፣ በ2022 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይኛው እርከን የወረዱ ቡድኖች ታይተዋል። ረዳት ነጥብ አያመጣም። መውረድ የሚፈራ ሥራ አስኪያጅ ያለውን ቦታ በ19 ዓመቱ ነጥብ ለሚለቅም አውሮፓዊ ወይም ኮሎምቢያዊ መስጠት ይቀለዋል፤ ከማያውቀው አገር የመጣ፣ ቪዛው የሚያስቸግር ልጅ ይቅርበት ይላል። በላይኛው እርከን ላይ ጀማሪ ላልሆነ ጋላቢ ዝቅተኛው ደመወዝ በዓመት ከ40,000 ዩሮ በላይ ስለሆነ ቦታው ውድ ነው።

ሁለት ጊዜ የወደቀው ምሰሶ

ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ሲሆን ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ባሸነፈበት የሮም ኦሊምፒክም ጋልቧል። ያ ዘመን ግን ከአስመራ ተነጥሎ አይታይም። ጣሊያኖች በቅኝ ግዛት ዘመን ያመጡት ውድድር፣ መጀመሪያ ኤርትራውያንን ያገለለ፣ በኋላ ግን እነሱ የተቆጣጠሩት ስፖርት ሆነ። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር በ1946 ተካሄደ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ወክለው ወደ ኦሊምፒክ ከሄዱት ብስክሌተኞች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ። ኤርትራ ስትለይ ውድድሩ፣ ክለቡ፣ ዳኛው፣ መካኒኩ ሁሉ አብሮ ሄደ።

ቦታውን የተካችው መቀሌ ናት። ለምን መቀሌ? የአስመራ ቅርበት አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። ትራንስ ኢትዮጵያ፣ መሰቦ፣ ጉና የመሳሰሉ የክልሉ ድርጅቶች የብስክሌት ክለብ አቋቁመው ለጋላቢ ደመወዝ ይከፍሉ ነበር። የ17 ዓመት ልጅ «ብስክሌት ይዤ ልኑር» ቢል ቤተሰቡ አይደነግጥም፤ በወር የሚገባ ገንዘብ አለ፣ ጎማና ካቴና የሚቀይር ክለብ አለ፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሚሰለፍበት ውድድር አለ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለችው ሰላም አምሃም፣ ወላይ ሐጎስም የዚህ አካባቢ ልጆች ናቸው።

በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ይህ ሁሉ ቆመ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ያ ጽጋቡን የወሰደው፣ ስሙን እየቀያየረ እስከ ዓለም ቱር የደረሰው የራይደር ቡድን ስፖንሰር አጥቶ ተዘጋ። ሁለቱ ክስተቶች የማይገናኙ ቢሆኑም በአንድ ሰሞን መድረሳቸው ኢትዮጵያዊ ጋላቢ የሚያልፍባቸውን ሁለት በሮች ዘጋ። ራይደር በ2023 በስዊዘርላንድ በተመዘገበ ቡድን ተመልሶ ቢመጣም አዲሱ ቡድን የአፍሪካ ቡድን አይባልም። የትግራይ ልጅ የሆነችው እየሩ ገብሩ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ የጋለበችው በስደተኞች ቡድን ማሊያ ነው። ስለ ጉዳዩ ክብደት ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ብስክሌት ሁለት ጊዜ የወደቀው ደካማ ስለነበረ አይደለም። ሁለት ጊዜም በአንድ ከተማ ላይ ብቻ ስለቆመ ነው። ስለዚህ ስለ ሐዋሳ የሚነሳው ጥያቄ የከተማ ኩራት ጉዳይ ተደርጎ ብቻ መታየት የለበትም፤ ለአገሪቱ ሁለተኛ ምሰሶ የማግኘት ጉዳይ ነው። መቀሌ ማገገሟም፣ ሐዋሳ መጀመሯም አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሐዋሳ ያላትና የጎደላት

መሬቱን እንመልከት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቁ ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። ሜዳ ብቻ ጋላቢ አያወጣም፤ ግን ወደ ወንዶ ገነት፣ ወደ ይርጋለምና አለታ ወንዶ የሚወጡት መንገዶች ቅርብ ናቸው፤ ወደ ሁላ ሀገረ ሰላም የሚወስደው ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። በአንድ የልምምድ ቀን ውስጥ 1,000 ሜትር ከፍታ መውጣትና በሜዳ መፍጠን የሚቻልባቸው ከተሞች ብዙ አይደሉም። በመልክዓ ምድር ረገድ ሐዋሳ ሰበብ የላትም።

ብስክሌቱስ? ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል፣ ከመናኸሪያ ወደ ታቦር በሚወስደው መንገድ የሚታየው ብስክሌት ሥራ ይሠራል። ከኋላው የብረት መጫኛ አለው፤ መጫኛው ላይ ጆንያ፣ ታናሽ ወንድም ወይም የሣር ሸክም ይቀመጣል። ሲበላሽ ጎሚስታው መንገድ ዳር ይጠግነዋል። ክብደቱ አሥራ አምስት፣ ሃያ ኪሎ ይሆናል፤ ኅብረቱ ለውድድር የፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ነው። በእነዚህ ሁለት ብስክሌቶች መካከል ያለው ርቀት የዋጋ ብቻ አይደለም። በከባዱ ላይ ያደገ ልጅ ሚዛንና እግር ይኖረዋል፤ ማርሽ መቀየርን፣ ጎንበስ ብሎ መቀመጥን፣ በቡድን መሄድን ግን አያውቅም። በነገራችን ላይ፣ ያኛውም ልጅ እያነሰ ነው። ባጃጅ ከተማዋን ከሞላ ወዲህ ብስክሌት ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄደው ተማሪ የሁለትና ሦስት ብር ተሳፋሪ ሆኖ ቆይቷል፤ አሁን ታሪፉ ሲወደድ አንዳንዱ ወደ ብስክሌቱ ሊመለስ ይችል ይሆናል።

እዚህ ላይ የኮሪደር ልማቱ ይመጣል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለው፤ ከአዲስ አበባ የጀመረው የኮሪደር ሥራም እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ይዞ መጥቷል። ይህ ለትራንስፖርት መልካም ነው። ለውድድር ግን ጥቅሙ በተዘዋዋሪ ነው፤ በተከለለ መስመር ላይ ማንም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አይሠለጥንም። ጥቅሙ እናት የ10 ዓመት ልጇን ብቻውን በብስክሌት እንድትልክ መድፈሯ ላይ ነው። መስመሩ የሞተር ሳይክል ማቋረጫና የባጃጅ መቆሚያ ከሆነ ግን ያ ድፍረት አይመጣም፤ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። የረጅም ርቀት ልምምዱ ደግሞ አይሱዙና የጭነት መኪና በሚሽቀዳደሙበት የሻሸመኔና የዲላ መንገድ ላይ ስለሚሆን፣ ከኋላ የሚከተል የክለብ መኪና የሌለው ልጅ ሕይወቱን አስይዞ ነው የሚሠለጥነው።

ስለዚህ ሐዋሳ የጎደላት መካከለኛው ደረጃ ነው። ከታች ብስክሌት የሚነዳ ልጅ አላት፣ ከላይ መልክዓ ምድር አላት። በመካከሉ ልጁን በ14 ዓመቱ ተቀብሎ በ18 ዓመቱ ለአህጉር ደረጃ ፈተና የሚያቀርብ፣ ደመወዝ የሚከፍልና በየጊዜው የሚያወዳድር ክለብ ነው የሌላት።

ገንዘቡ ከየት?

ሐዋሳ ስፖርት ትወዳለች፤ ፍቅሯ ግን ለእግር ኳስ ነው። የከተማው ክለብ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሲዳማ ቡናም አለ። በኢትዮጵያ የከተማ አስተዳደር ክለቦች አሠራር የታወቀ ነው፦ አብዛኛው ወጪ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል፣ አብዛኛው ወጪም የተጫዋች ደመወዝና ፊርማ ነው፣ በዓመትም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ትንሽ ቆርሶ የአሥራ ሁለት ታዳጊዎች የብስክሌት ቡድን ማቆም በሒሳብ ይቻላል። በፖለቲካ ግን ከባድ ነው፤ እግር ኳሱ በየሳምንቱ ስታዲየም ይሞላል፣ ብስክሌቱ ፍሬ የሚያሳየው ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ነው፣ ከንቲባ ደግሞ ያን ያህል አይቆይም።

የግሉ ዘርፍም እንደ ድሮው አይደለም። ስፖርትን በሰፊው ይደግፉ የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች በ2019 በወጣው አዋጅ በብሮድካስትና በቢልቦርድ ማስታወቅ ሲከለከሉ ለስፖንሰርነት ያላቸው ፍላጎት ቀዘቀዘ። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትልልቅ የውጭ ስሞች ይዞ ነበር፤ አሜሪካ ለአፍሪካ የሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ለኢትዮጵያ ከጥር 2022 ጀምሮ ሲቋረጥ ያም ተዳከመ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አውሮፓ ውስጥ ከ1,000 ዩሮ የሚጀምረው ተራ የአሉሚኒየም የውድድር ብስክሌት፣ ቀረጡና ማጓጓዣው ሲጨመርበት፣ ለአንድ ቤተሰብ የማይታሰብ ሆነ። ስለዚህ በአባት ኪስ የሚያድግ ጋላቢ ከእንግዲህ አይጠበቅም። ብስክሌቱ የክለብ ንብረት ካልሆነ ስፖርቱ የለም።

ወዴት ያመራል?

ከሁሉ ይልቅ የሚመስለኝ ምንም ትልቅ ለውጥ አለመምጣቱ ነው። መንገዱ ይሠራል፣ በበዓል ቀን የብስክሌት ግልቢያ ይዘጋጃል፣ ማሊያ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። ይህ ለጤናና ለከተማ ገጽታ ጥሩ ነው፤ ተወዳዳሪ ግን አያወጣም።

ሁለተኛው መንገድ የታለንት ፍለጋ ነው። ዛሬ የአንድን ወጣት ጉልበት በዋት መለካት ቀላል ሆኗል፤ የዓለም ብስክሌት ኅብረት ዋና ማሠልጠኛ ማዕከል በስዊዘርላንድ ኤግል ልጆችን እየመረጠ ይወስዳል፣ ብንያም ግርማይም በዚያ አልፏል። ከሐዋሳ አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ሊወጣ ይችላል። ሊወጣም ይገባል። ግን ቁጥሩ ዋስትና ቢሰጥም የቡድን ግልቢያ ልምድ የሌለው ልጅ አውሮፓ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት በወደቀ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ ተስፋ ይቆርጣል። ብንያም ኤግል የደረሰው የአስመራን የሳምንት ውድድሮች ጠግቦ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚረሳ ዕቅድ አንድ ልጅ ልኮ ሁለተኛውን አይልክም።

የሩዋንዳን ልምድ የሚጠቅሱም አሉ። ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጆናታን ቦየር በ2006 ወደዚያ ሄዶ በቀጣዩ ዓመት ቡድን አቋቋመ፤ የሩዋንዳ ዙር በ2009 በኅብረቱ መዝገብ ገባ፤ በመጨረሻም ሻምፒዮናው መጣ። ሩዋንዳ አዘጋጅነትን አሸንፋለች። ሆኖም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ እንደ ኤርትራ በተከታታይ ጋላቢ ወደ ላይኛው እርከን አላወጣችም። ልዩነቱ ኤርትራ ውስጥ ውድድሩ በየሳምንቱ የሚደገም የሰፈር ነገር መሆኑ ላይ ነው። ሐዋሳ በዓመት አንድ ትልቅ ዝግጅት ለማድረግ አቅም አላት፤ በስሟ የሚካሄደው የሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ ግማሽ ማራቶን ጎዳና ዘግቶ ሺዎችን ማሰለፍ እንደሚቻል አሳይቷል። አደጋው እዚያው ላይ ማቆም ነው።

ሦስተኛው፣ ዝምተኛውና ርካሹ፣ የከተማው አስተዳደር ወይም ሲዳማ ክልል ከእግር ኳሱ ጎን ለሴቶችና ለወንዶች ታዳጊዎች አንድ ክለብ አቋቁሞ፣ ያገለገሉ የአሉሚኒየም ብስክሌቶችን ገዝቶ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት መንገድ ዘግቶ ማወዳደር ነው። የሴቶቹን ክፍል የጠቀስኩት ለሚዛን አይደለም፤ በሴቶች ብስክሌት የላይኛው እርከን ፉክክር አሁንም ከወንዶቹ ያነሰ ስለሆነ በአነስተኛ ገንዘብ ሩቅ የሚደረስበት እሱ ነው። ዳኛና አሠልጣኝ ግን በግዢ አይመጣም። ከመቀሌ የወጡ፣ ውድድር ያቆሙና ሥራ የሚፈልጉ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ቅጥር ከእነሱ ቢሆን ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሰው ይያያዛሉ።

ይህ ቢጀመር እንኳ የመጀመሪያው ትውልድ ለአህጉር ውድድር የሚደርሰው በ2020ዎቹ መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መለኪያው ሜዳሊያ መሆን የለበትም። ሃያ የ16 ዓመት ልጆች በወር ሁለት ጊዜ እርስ በርሳቸው መወዳደራቸውና ከሃያዎቹ አሥራ አምስቱ በቀጣዩም ዓመት መገኘታቸው ይበቃል።